ያልገጠሙት ሁለት ቁጥሮች

አጎቴ አሮጌ መኪና ሲያዩ ከቀለሟም ከሞተሯም በፊት መለያ ቁጥሯን ያነቡ ነበር። ሥራቸው ኮሌጅ ፓርክ ከሚባለው ከተማ ኤርፖርት ሰው በመኪና ማመላለስ ነበር፤ ደስታቸው ግን ኮንየርስ ከተማ ባለው ቤታችን ጋራዥ ውስጥ የድሮ ባለትልቅ ሞተር መኪና ማደስ ነበር።

መጨረሻ የገዟት ቀይ መኪና እንቅልፍ ነሳቻቸው። ዳሽቦርዷ ላይ ያለው ቁጥርና ሞተሯ አጠገብ በትንሽ ብረት ላይ የተመታው ቁጥር አንድ መሆን ሲገባቸው አልገጠሙም። እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው በጣታቸው እየተከተሉ ይደግማሉ። ሦስቴ አየነው።

«ጋሼ፣ ምናልባት ተጋጭታ አካሏ ተቀይሮ ይሆናል» አልኳቸው።

«የተሰረቀች ብትሆንስ? የሰው ንብረት ቤቴ አስቀምጬ እንዴት ልተኛ?»

ፖሊስ ጋ እንዳይደውሉ ለመንኳቸው። ሌባ ተብለው ቢያዙስ ብዬ ፈራሁ። እሳቸውም ፈርተው ነበር። ቢሆንም ደወሉ። መልሱን በጭንቀት እየጠበቁ ሳለ ልባቸው ድንገት ቆመና አረፉ።

ከቀብሩ በኋላ በሳምንቱ አንድ የፖሊስ መርማሪ መጣ። መኪናዋ በእርግጥ ከብዙ ዓመት በፊት የተሰረቀች ነበረች። አብረውት የመጡት ሽማግሌ ባለቤቷ፣ መሪዋን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

«የደወሉትን ሰው ላመስግን ነበር። አሉ?»

«ባለፈው ሳምንት ቀበርናቸው» አልኩ።

ሽማግሌው መኪናዋን ሊጭን የመጣውን ሹፌር ትንሽ እንዲጠብቅ ነገሩት። ከዚያ ኮፍያቸውን አውልቀው አጠገቤ ቆሙ።

አሁን ጋራዡ ባዶ ነው። የራሴን መኪና ግን እስካሁን ውጭ ነው ፓርክ የማደርገው።