ሰማያዊ ቀለም ያለባት ብሎን

ይቺን ብሎን እዩዋት። ወገቧ ላይ ለሁለት ተቆርጣለች። የተቆረጠው ፊቷ አብዛኛው በመፋተግ ተወልውሏል፤ ጥፍር የምታህል ጥግ ብቻ ሻካራ ናት። ጭንቅላቷ ስር ሰማያዊ ቀለም አለ።

ያገኘቻት ሌዮካዲያ ቲንታያ ናት፤ በከተማችን በኤል አልቶ ገበያ ሐሙስና እሑድ አሮጌ ብሎን በኪሎ ትሸጣለች። ከጎኗ የመኪና ባሌስትራ ስሸጥ አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ትምህርት ቤት ያየችው ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ የተሰበረ ብሎን ስጧት ግን በምን እንደሞተ ትነግራችኋለች። ተስቦ የተበጠሰ አንገቱ ይቀጥናል፤ የተቆረጠው በመቀስ የተበላ ይመስላል።

ሾፌር መጥቶ "ወፍራሙን ስጪኝ" ካላት ትቆጣለች።

"ውፍረቱ ምን ያደርግልሃል? መዳፍህን ከመዳፌ አጣብቅ።" አጥብቃ ትጫነዋለች። "አሁን አንሸራትት እስቲ። እምቢ አለ አይደል? የብሎን ሥራ መጭመቅ ነው። ብረቶቹ ተጨምቀው ከተያያዙ ሸክሙን እነሱው ይችሉታል። ሲላላ ግን እነሱ መቀስ ይሆናሉ፣ ብሎኑ ክር።"

"እትዬ፣ ብሎን እየሸጥሽልኝ ነው ወይስ እያጨሽኝ?" አላት አንዱ እጇን ሳይለቅ።

"መጀመሪያ መኪናህን አጥብቅ። ለሚስት ትደርሳለህ።"

ወንድሟ ኤውሴቢዮ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ባለንብረቱ ብዙ ሰው ለመጫን ሲል ሻንሲውን፣ የአውቶቡሱን የብረት አጽም፣ አስቆርጦ አስረዝሞታል፤ መቀጠያው በወፍራም ብረትና በአስራ ሁለት ብሎን የታሰረ ነው። ነሐሴ ላይ ባለንብረቱ የእመቤታችን ደብር ወዳለበት ወደ ኮፓካባና ወስዶ ሊያስባርከው ሲነሳ፣ መቀጠያው ሳይቀር ያብራ ብሎ ብረቶቹን አስፈታና መሃላቸውን ሰማያዊ አስቀባ። ቀለሙ ሳይደርቅ መልሰው አሰሩት። አበባ ተደረገለት፣ ቢራ ፈሰሰለት፣ ቄሱ ጸበል ረጩት። እኛ መኪና የምናሳምረው ለእመቤታችን ነው። ከስር ጎንበስ ብሎ ያየ የለም።

ቀለም መሃል ከገባ ብረት ብረትን አይይዝም። ቀለሙ ደርቆ ሲፈረፈር ብሎኖቹ ላሉ፤ ከዚያ ብረቶቹ ለሳምንታት ሲገዘግዟቸው ከረሙ። ጥቅምት ላይ አውቶቡሱ ቁልቁለት ላይ ወገቡ ተሰበረ። አስራ አራት ሰው ሞተ። ባለንብረቱ "ሾፌሩ ተኝቶ ነው" አለ። ኤውሴቢዮ ታሰረ፤ ስብርባሪው በወሩ ለቁራጭ ብረት ነጋዴ ተሸጠ።

ኅዳር ላይ፣ በአንድ ሐሙስ ጠዋት፣ የዚያ ስብርባሪ ብሎን ያለበት ጆንያ ከነጋዴው እኛው ዘንድ መጣ። ሌዮካዲያ ሰማያዊውን እስክታይ ድረስ ግማሹን ሸጠነዋል፤ ከቀረው ውስጥ የተገኘችው ይቺ ብቻ ናት። ብሎኗን ይዛ ቁጭ አለች።

"ይሄ የተወለወለው የአንድ ቀን ቁስል አይደለም፤ የዚያን ቀን የተበጠሰው ይቺ ሻካራ ጥግ ብቻ ናት" አለችኝ። "ወንድሜ ቢተኛም ባይተኛም ይሄ መቆረጡ አይቀርም ነበር።"

ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ አብሬያት ሄድኩ። ጸሐፊው በሁለት ጣቱ አነሳት።

"እማማ፣ ብረት ይናገራል እንዴ?"

"የሚሰማው ካገኘ።"

"አስራ አንዱስ የታሉ? አንድ ብሎን ከየትም ይለቀማል።"

ያንገበገበኝ ስድቡ አይደለም። አስራ አንዱን እጃችን ውስጥ አስገብተን የበተንናቸው እኛ ነን።

ኤውሴቢዮ ስምንት ዓመት ተፈርዶበታል። ይግባኙ ከካርኒቫል በዓል በኋላ ይሰማል። ሌዮካዲያ እስካሁን ከይቺ ጋር ሦስት ብሎን አግኝታለች፤ የቀሩት የሆነ ሰው ጣሳ ውስጥ፣ ወይ የሆነ ሰው መኪና ላይ ናቸው።

ኅዳር ላይ ከእኛ ብሎን የገዛችሁ፣ ጣሳችሁን ገልብጡ። የተቆረጠም ይሁን ወገቡ የተገዘገዘ፣ ጭንቅላቱ ስር ሰማያዊ ካለ አትፋቁት፣ በጋዝ አትጠቡት። እንዳለ ለሌዮካዲያ አምጡላት።