በዜሮና በአራት መካከል

የደረቀ በርበሬ ሽታ በመጣብኝ ቁጥር የዚያን ቀን ሰዎች በየቦታቸው አያቸዋለሁ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ከምሰሶው በስተቀኝ፣ አባባ ትይዩአቸው፣ የትምህርት ቤታችን መምህር ተቀመጥ ቢሉትም ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በሩ አጠገብ፣ እናታችን ከምድጃው ወዲያ፣ እኔና እህቴ ብርነሽ ደግሞ ከመጋረጃው ጀርባ። በንጉሡ ጊዜ፣ ቡታጅራ፣ ኅዳር ወር ነበር።

ብርነሽ ከዚያ በፊት በነበረው ሰኔ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሳ ነበር። መምህሩ ከፍ ያለ የሂሳብ መጽሐፍ አውሷት፣ ክረምቱን በሙሉ ዝናቡ የጓሮውን እንሰት ሲደበድብ እሷ የቁጥር ተርታ ስትፈታ ትውል ነበር። በርበሬው ደርሶ ሰሌን ላይ ሲሰጣ ደግሞ በዛላው ታስተምረኝ ጀመር። በአንድ ወገን ሁለት፣ በሌላው ስምንት ዛላ አስቀምጣ፣ «መካከላቸው ስንት ነው?» ትለኝ ነበር።

«አምስት።»

«በመደመር ከሄድሽ አምስት ነው። በማባዛት ከሄድሽ ግን አራት፤ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት። መካከል አንድ ብቻ መሰለሽ፣ አንቺ ሞኝ?» ብላ ትስቅ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ቸሃ ላለ ልጅ ሊያጯት መጥተው ነበር። መምህሩ ደግሞ አዲስ አበባ እህቱ ቤት ተቀምጣ አራት ዓመት ትማር ብሎ ለመነ።

«አራት ዓመት!» አሉ አንደኛው ሽማግሌ፤ «እስከዚያ ሙሽራው ራሱ ሸብቶ ከእኛ ጋር ለሽምግልና ይቀመጣላ!» ሁሉም ሳቁ፣ መምህሩም ጭምር።

በአገራችን ሽማግሌ የያዘው ነገር አንዱን ወገን ባዶ እጁን አይሰድም። ትልቁ ሽማግሌ በትራቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ «የልጁ ቤተሰቦች አንድም ዓመት አንጠብቅም ይላሉ፤ መምህር አራት ይላል። እንግዲህ መካከሉን እንያዝ፤ ሁለት ዓመት ትማርና ትዳር» አሉ።

አባባ ወደ በሩ ዞሩና፣ «መምህር፣ በሁለት ዓመት ምን ወረቀት ይሰጧታል?» ብለው ጠየቁ።

መምህሩ ሊዋሽ ይችል ነበር። «ምንም። ወረቀቱ ከአራቱ በኋላ ነው» አለ።

«ታዲያ ምንም ለማይገኝበት ነገር ልጄን ሰው አገር ምን ያንከራትታታል?»

ብርነሽ እጄን ያዘችና በሹክሹክታ፣ «አንዱ ጫፍ ዜሮ ከሆነ፣ በማባዛት መካከሉም ዜሮ ነው» አለችኝ። ያን ጊዜ አልገባኝም።

እኔን አባባ እስከ መጨረሻው አስተማሩኝ፤ ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ብርነሽ በዛላ ያስተማረችኝ ሂሳብ አሥራ አንደኛ ክፍል ሲመጣ፣ ከክፍሉ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ዛሬ የልጅ ልጆቼ፣ ሴቶቹም፣ ቦርሳቸውን አንግተው ሲወጡ በሩ ላይ ቆሜ እሸኛቸዋለሁ።

ብርነሽን በዚያው ዓመት በጥር መጥተው ወሰዷት። በዋዜማው መጽሐፉን በጨርቅ ጠቅልላ ለመምህሩ እንዳደርስላት ሰጠችኝ። ጠዋት በቅሎዋ ላይ ሲያስቀምጧት እናታችን አለቀሰች፤ እሷ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ወደ ቸሃ በሚወስደው መንገድ ሄደች።