በመጀመሪያ ደሞዜ የገዛሁት በር

ብዙ ሰው በመጀመሪያ ደሞዙ ለእናቱ ነጠላ ወይም ለራሱ ጫማ ይገዛል። እኔ የገዛሁት በር ነው። ያውም አሮጌ፣ ከፈረሰ ሱቅ የወለቀ የብረት በር።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ጭሮን ብዙው ሰው ገና አሰበ ተፈሪ ይላት ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ ቤት ተቀምጫለሁ። አባታችን ሞቷል። እናቴ ገበያ ላይ ማሽላ በጣሳ እየሰፈረች ትሸጣለች፤ እኔንና ታናሽ እህቴን የምታሳድገው በዚያ ነው። መሥሪያ ቤቶች በኦሮምኛ፣ በላቲኑ ፊደል በቁቤ መጻፍ የጀመሩት ያኔ ነው። የድሮዎቹ ታይፒስቶች ጣታቸው የለመደው የአማርኛውን ፊደል ነበር። እኔን ደግሞ ከቤተ ክርስቲያናችን አንዲት እህት በትርፍ ጊዜዋ በእንግሊዝኛው መኪና መጻፍ አስተምራኛለች። ኦሮምኛውን ከጎረቤት ልጆች ጋር ስጫወት ነው የለመድኩት። ስለዚህ ፈትነው ቀጠሩኝ። እናቴ ስነግራት የያዘችውን ጣሳ አስቀምጣ፣ "ጌታ አሰበን" ብላ እዚያው ገበያ መሀል አለቀሰች።

እህቴ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ደረቷ ሞልቶ፣ ቁመቷ ከእኔ በልጦ፣ ገና ከሰፈር ሕፃናት ጋር ገመድ ትዘል ነበር። እናቴ "አንቺ ልጅ፣ ሰው ምን ይላል!" ስትላት፣ "ሰው ከፈለገ ይዝለል" ትላለች። እሁድ እሁድ ከመዘምራን ጋር ስትቆም ድምፅዋ ከሁሉም ይለያል። ከሌሎቹ ጋር ማስተካከል አትችልም፤ ሲወጣ ይወጣል።

እህቴን ገበያ ላይ ከእናቴ አጠገብ ተቀምጣ ያያት ሰው ከመሰላ አካባቢ ጫት ጭኖ የሚመጣ፣ ዕድሜው ከሠላሳ ያለፈ ነበር። ሽማግሌ ላከ። እናቴ ለሽማግሌዎቹ ወንበር አቅርባ፣ ሻይ አፍልታ፣ በክብር "ልጄ ትማራለች" ብላ መለሰቻቸው። ደግሞ ላከ። ደግማ መለሰች። ከዚያ በኋላ ሽማግሌ አልመጣም። የመጣው ወሬ ነው። ከእናቴ ጎን ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ናት ያመጣችው።

"እንግዲህ እኔ የሰማሁትን ነው የምነግርሽ" አለቻት። "ሻይ ቤት ተቀምጦ፣ 'ያ በራቸው ነው እኔን የሚከለክለኝ?' ብሎ ሳቀ አሉ።"

በራችን ከጣውላ ቁርጥራጭ ተገጣጥሞ የዘይት ቆርቆሮ የተመታበት ነበር። ከውስጥ በሽቦ ነው የምናስረው። ክረምት ላይ ያብጥና አይዘጋም፤ በጋ ላይ ይኮማተርና በስንጥቁ ውሻ አፍንጫውን ያስገባል። ወሬውን ከሰማን ጀምሮ እናቴ ሲመሽ የማሽላ ጆንያዎቿን እየጎተተች በሩ ላይ ትደረድራለች። እህቴን መሀል አድርገን እንተኛለን። እሷ ግን አሁንም ትቀልዳለች፤ "እኔን ለመውሰድ መጀመሪያ የእማዬን ማሽላ መሸከም አለበት" ትላለች። ከሳቅን በኋላ ውጭ ኮቴ እናዳምጣለን። አህያ ሲያልፍ እንኳ የእናቴ እጅ የእህቴን ክንድ ጭምድድ ሲያደርግ ይሰማኛል።

ደሞዜን የተቀበልኩ ዕለት በቀጥታ የሄድኩት መናኸሪያው አጠገብ አሮጌ ብረት ወደሚሸጥ ሰው ነው። በሩን ቀደም ብዬ አይቼዋለሁ። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ከግርጌው ዝገት የበላው ነበር፤ ከውስጥ በኩል ግን እንደ ክንዴ የወፈሩ ሁለት መቀርቀሪያዎች አሉት። የወደድኩት መቀርቀሪያዎቹን ነው።

"ሱቅ ልትከፍቺ ነው?" አለኝ ሰውዬው።

"ለቤት ነው።"

"ምን ወርቅ አላችሁና?"

ገንዘቡን ከነፖስታው ሰጠሁት። የተረፈችኝ ለተሸካሚዎቹ ብቻ የምትበቃ ነበረች። ሁለት ወዛደሮች በሩን በጭንቅላታቸው ተሸክመው ዳገቱን ሲወጡ እኔ ከኋላ እከተላለሁ። የሰፈሩ ሰው እየወጣ ያያል። እህቴ ከሩቅ አየችንና እየሮጠች መጣች። ጠጋ ብላ በሩን በጣቷ መታ መታ አድርጋ፣ "ማን አለ?" ስትል ተሸካሚዎቹ በሳቅ ሊጥሉት ደረሱ።

የገጠሙልን ጎረቤታችን ናቸው፤ አናጢነት የሚያውቁ ሽማግሌ ሙስሊም። አባባ ነው የምንላቸው። አሮጌውን በር ነቅለው ጣሉና አዲስ የባሕር ዛፍ መቃን አቆሙ። "ቢስሚላህ" ብለው የብረቱን በር ሰቀሉት። ሲጨርሱ ከውጭ ሆነው በትከሻቸው ገፉት። አልተነቃነቀም።

"ኢንተላ ኮ" አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ "አሁን በሬም አይከፍተው። ኢንሻአላህ ተኙ።"

እናቴ እጃቸውን ልትስም ስትል ሸሿት። ያን ቀን ጆንያዎቹ ከቦታቸው አልተነሡም። እናቴ ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ነው የነቃችው፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስትተኛ አላየሁም። እኔ ደግሞ ቢሮ ተቀምጬ ፊደል እየመታሁ፣ ድንገት መቀርቀሪያዎቹ ትዝ ሲሉኝ ፈገግ እላለሁ። አባቴ ሊያደርገው ያልቻለውን ያደረግሁ መሰለኝ።

የወሰዷት በቀን ነው።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ከድልድዩ እልፍ እንዳለች፣ ሰው ሁሉ እያየ። አብራት የነበረች ጓደኛዋ እየሮጠች ቢሮዬ መጣች። ክንዷ ከላይ እስከ ታች ተቧጥጧል። ቢሮው ውስጥ ባለጉዳይ ሞልቷል።

"ያዝኳት፣ እሷም ያዘችኝ" አለችኝ። "አላስጣሏትም ሰዎቹ... ቆመው ነበር እኮ! መኪና ላይ ጫኗት።"

ቧጥጣት የሄደችው እህቴ ናት። እሷን ይዛ ለመቅረት።

እናቴን ከገበያ ይዤ ፖሊስ ጣቢያ ገባን። የተቀበለን ሰው ክፉ አልነበረም። ለእናቴ ወንበር ሰጣት።

"እማማ፣ ይቀመጡ። ማን እንደሆነ ያውቃሉ?"

"አዎ፣ አውቀዋለሁ። ስሙንም አገሩንም እነግርሃለሁ። አሁን ተነሣ፣ እንሂድ!"

"መኪና የለንም፣ እማማ። ነገ..."

"ነገ?" አለች እናቴ። "ነገማ ምን ይቀረኛል?"

ሰውየው አቀርቅሮ እስክሪብቶውን አገላበጠ። "እንዲህ ያለው ነገር በሽማግሌ ነው የሚያልቀው" አለ ቀስ ብሎ። "በየሳምንቱ ነው የሚመጣልን።"

ነገን አልጠበቅንም። አባባ ሰው ለምነው በጭነት መኪና ላይ ቦታ አገኙልንና ሦስታችን ወደ መሰላ ሄድን። ከዚያ ወዲያ ያለውን በእግር ነው የተጓዝነው። እናቴ እየጸለየች ትሄዳለች፤ ጸሎቷ "እባክህ፣ እባክህ" ብቻ ነበር። ሰውየው ቤት ስንደርስ ጀምበር አዘቅዝቃለች። ግቢው በቁልቋል የታጠረ ነው። አንዲት ትልቅ ሴት፣ እናቱ መሰለችኝ፣ ወጣችና "ልጅ የሚባል እዚህ የለም" አለች። እናቴ አጥሩ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች። የእህቴን ስም ጠራች። ደግማ ጠራች፤ ድምፅዋ እስኪዘጋ ጠራች። አንድ ጊዜ ከጓዳ በኩል "እማ..." የሚል ሰማንና ወዲያው ታፈነ። እኔ ወደ በሩ ስሮጥ ወንዶች ወጡና ገፍተው ጣሉኝ። አባባ ምርኩዛቸውን ዘርግተው ፊታቸው ቆሙ። ስለ ዕድሜያቸው ሲሉ ነው መሰለኝ አልመቷቸውም። የመንደሩ ሰዎች ተሰብስበው፣ "ነገሩ በጃርሶች ይታይ፣ እስከዚያ ሂዱ" አሉን። እናቴን ጎትተን ነው ያስነሣናት።

ጃርሶቹ፣ ሽማግሌዎቹ ማለት ነው፣ የተቀመጡት ከቀናት በኋላ መሰላ ላይ ነው። ከእኛ ወገን የአባቴ ታላቅ ወንድም ከቦኬ ተጠርቶ መጣ። እናቴ እሱን ስታይ ተስፋ አደረገች። እሱ ግን ለነገሩ ከመቀመጡ በፊት ነበር የወሰነው።

"የሆነው ሆኗል" አላት። "አሁን ብትወስጃት ማን ያገባታል? ካሣውን ተቀብለን እንታረቅ።"

"ልጄን ልትሸጥልኝ መጣህ?" አለችው።

"እኔ ክብሯን ልጠብቅልሽ ነው የመጣሁት።"

እናቴ ተነሥታ ለጃርሶቹ በቀጥታ ተናገረች። በኦሮምኛዋ፣ እየተሰባበረ። ልጄን አምጡልኝና ራሷን ጠይቋት፤ እመጣለሁ ካለች ውሰጃት በሉኝ፤ እቀራለሁ ካለች ዝም ብዬ እሄዳለሁ አለች። ጃርሶቹ ተያዩና እሺ አሉ። እኔ ልቤ በደስታ ዘለለ። ጉዳዩ ያለቀ መሰለኝ፤ እህቴን ስለማውቃት።

አመጧት። አዲስ ቀሚስ አልብሰዋታል፣ ፀጉሯን ሸፍነዋታል። ከንፈሯ ላይ የደረቀ ቁስል አለ። እናቴ እዚህ ቆማለች፣ እሷ እዚያ፤ መሀላቸው ጃርሶቹ ተቀምጠዋል። ትልቁ ሽማግሌ ጠየቋት።

እህቴ ቀና አለች። እናቴን አየች። ከእናቴ አሻግራ አየች። ከዚያ አቀረቀረች።

"እዚሁ እቀራለሁ" አለች።

"ምን አለች?" አለች እናቴ። "ምን አልሽ፣ ልጄ?"

"እቀራለሁ፣ እማዬ። ሂዱ።"

ያኔ አፌ ያወጣውን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳውም። "በር አለን እኮ!" ብዬ ጮህኩ። "በሩን ገዝቻለሁ እኮ! ማንም አይገባም፤ መቀርቀሪያ አለው፣ ነይ ብቻ፣ ማንም አይገባም!" ሰዎቹ ዞረው አዩኝ። አንዱ ወጣት ሳቀ። እህቴ ቀና አላለችም። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ከዚያ ይዘዋት ሄዱ። አጎቴ ካሣ ብለው የሰጡትን ላም እየነዳ ወደ ቦኬ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ እናቴ ገበያ ትወጣ ነበር፣ ትሰፍር ነበር፣ ትመለስ ነበር። መዝሙር ግን አቆመች። ጉባኤ ላይ ሰው ሲዘምር አፏ ተከድኖ ትቆማለች። በሩን መዝጋትም ተወች። እኔ ሲመሽ ልቀረቅር ስነሣ፣ "ለማን ነው?" ትለኛለች። ሰው ስለ እህቴ ሲጠይቃት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ "መርጣ ቀረች።" በቁጣ አይደለም። እንደ ተሸነፈ ሰው ነው የምትለው። ሄዳ እንድትጠይቃት ብለምናት፣ "ሂዱ ብላኛለች" አለችኝ። እኔ ለብቻዬ አንዴ ሄጄ ከአጥሩ መለሱኝ። እናቴ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሳንባ ምች ሞተች። ለመሰላ ሰው ላክን። ለቀብሩ አልመጣችም።

በዓመቱ ግድም አንድ ሾፌር እህቴን አሰቦት እንዳያት ነገረኝ። ባልየው ሁለተኛ ሚስት ሲያመጣ ግርግሩን ተጠቅማ፣ ሴት ልጇን አዝላ ወጥታለች። በማግስቱ ሄድኩ። ገዳም የሚሄዱ ሰዎች የሚያርፉበት ምግብ ቤት ጓሮ፣ ሙቀቱ በሚጋረፍ ቆርቆሮ ሥር፣ ሳሕን ስታጥብ አገኘኋት። ተቃቀፍን። አጥንቷ ሁሉ በእጄ ይቆጠራል። መርዶውን መሰላ ላይ ማንም አልነገራትም ነበር። የእናቴን መሞት ስነግራት እንኳ አልጮኸችም፤ እዚያው መሬት ላይ ቁጢጥ አለችና ውሃው ውስጥ ያለውን ሳሕን ታጥብ ጀመር፣ ያንኑ አንዱን ሳሕን።

መጠየቅ አልነበረብኝም ይሆናል። ግን ጠየቅኳት።

"ያን ቀን ለምን እቀራለሁ አልሽ?"

ቀና ብላ አየችኝ። እብድ እንደምታይ ነው ያየችኝ።

"ከእማዬ ኋላ የቆመውን አላየሽውም?"

"ማንን?"

"ወንድሙን ነዋ። እማዬ ጀርባ ቆሞ ነበር። ሲጠይቁኝ ኮቱን ገለጥ አድርጎ ሽጉጡን አሳየኝ። ጠዋት ነግሮኛል፣ እሄዳለሁ ካልሽ መንገድ ላይ እናትሽን ነው የምንቀብራት ብሎ።" እጇን ከውሃው አወጣች። "እናንተ ያያችሁት መስሎኝ ነበር። ሁሉም ሰው ያየ መስሎኝ።"

እኔ ያን ቀን እሷን ብቻ ነበር የማየው።

"እማዬ ግን አውቃለች አይደል?" አለችኝ። "ሳትነግሪያትም ይገባታል፣ እሷ..."

ልዋሽላት ፈልጌ ነበር። አዎ፣ ገብቷታል ማለት ብቻ ነበር። እሷ ግን ቀድማ ፊቴን አየች። ውስጥ እንግዳ ስለሞላ አሠሪዋ ጮኻ ጠራቻት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተነሣች። ልጅቷ እግሬ ሥር ተቀምጣ የሳሙናውን አረፋ በመዳፏ ትመታለች። እህቴ ሳሕኖቹን ደራርባ ይዛ ገባች፤ እኔም እስክትመለስ ልጅቷን ይዤ ጓሮው ውስጥ ቆየሁ።