ለእናቴ የረዘመ ጠረጴዛ

ባለፈው ሳምንት እኔ የምሠራበት ቢሮ አንዲት ሴት መጣች። ሥራዋ ሰው እንዴት ተቀምጦ እንደሚሠራ ማየት ነው። የክርኔን ከፍታ በመዳፏ ለካችና ከጠረጴዛዬ ሥር ያለውን ቁልፍ ስትጫነው ጠረጴዛው እያጉረመረመ ዝቅ አለ። «አሁን ትከሻሽን ልቀቂው» አለችኝ። ለቀቅሁት። ወዲያው የሎሚ ሳሙና ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ ቢሮው ውስጥ ሳሙና አልነበረም።

ትምህርት ቤት ጨርሼ ጻቫ፣ ማለት የእስራኤል ጦር፣ እስክገባ በነበረው በጋ፣ ረሆቮት ከተማ ዳር ባለ አንድ የፈሳሽ ሳሙና ፋብሪካ ከእናቴ ጋር ሠራሁ። እሷ እዚያ ብዙ ዓመት ቆይታለች። ጠዋት ከአውቶቡስ ስንወርድ፣ ገና በሩ ጋ ሳንደርስ ሽታው ይቀበለናል። ውስጡ ዓይን የሚያደክም ነጭ መብራትና የማያባራ የማሽን ጩኸት ነበር። ረጅም ጠረጴዛ ፊት ቆመን ጠርሙስ ላይ ወረቀት እንለጥፋለን።

እናቴ አጭር ናት። ጠረጴዛው ደረቷ ድረስ ይመጣል። እኔ ቁመቴ ወደ አባቴ ስለሄደ አልከበደኝም፤ እሷ ግን ቀኑን ሙሉ ትከሻዋን ወደ ጆሮዋ ሰቅላ ነበር የምትሠራው። ማታ ማታ ቤት ስታቃስት እሰማት ነበር። የዕድሜ ነገር ይመስለኝ ነበር። ከጎኗ ስቆም ነው የገባኝ።

«እምዬ፣ ለምን አትነግሪያቸውም?» አልኋት በምሳ ሰዓት።

«በየትኛው ዕብራይስጥ? አንቺ ንገሪው እንጂ።»

ለአለቃችን ነገርሁት። ክፉ ሰው አልነበረም። ጠረጴዛውን አየ፣ እናቴን አየ፣ «ቤሰደር፣ እሺ፣ አንድ ነገር እናደርጋለን» አለ። ቀኑ ሄደ፣ ምንም አልመጣም። በኋላ ግቢው ውስጥ ጠርሙስ የመጣበት ባዶ የእንጨት ሣጥን አገኘሁና ገልብጬ ከእግሯ ሥር አደረግሁላት። ስትወጣበት ትከሻዋ ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁ።

«ውይ! ለካ ሥራ እንዲህም ይሠራል?» ብላ ሳቀች። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በማሽኑ ጩኸት መሃል ስታንጎራጉር ሰማኋት።

ብዙም ሳይቆይ ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው ተባለና አለቃው ሣጥኑን አነሣው።

«ሰው ይጥላል። አዲስ ጠረጴዛ አዘናል፣ ታገሱ» አለኝ።

«እስከዚያ እሷስ?» አልሁት።

«እኔም ታዝዤ ነው» አለ፣ ፊቱን አዙሮ። «ያላ፣ ወደ ሥራ።»

እናቴ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። ቃል በቃል ተረጎምሁላት። ሌላ ምን ላደርግ እችል ነበር? «ተይው ልጄ፣ አንቺንም እንዳያስወጡሽ» አለችና ትከሻዋን መልሳ ሰቀለች። ከቁመቴ ቆርሼ ብሰጣት እያልሁ ከጎኗ ወረቀት ስለጥፍ ዋልሁ።

ከዚያ ጻቫ ገባሁ። ስደውል «ደህና ነኝ» ትለኛለች። አንድ ጊዜ ለዕረፍት ስመጣ ቀኝ እጇ ከደረቷ በላይ አይነሣም። ሐኪሙ ትከሻዋን እያየ «ምነው ቀደም ብላ ብትመጣ ኖሮ» አለ፤ ያንንም እኔው ተረጎምሁላት። ሥራውን ተወች። አዲሶቹ ጠረጴዛዎች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ ከፍና ዝቅ የሚሉ ናቸው አለች አብራት ትሠራ የነበረች ጎረቤታችን። እናቴ ስትሰማ «ተመስገን፣ የምትተካኝ አረፈች» አለች። ከልቧ ነበር። እኔ ግን ወደ ሌላ ክፍል ሄድሁ።

አሁን ሰንበት ጠዋት ወደ ጸሎት ቤት አብረን እንሄዳለን። ሻሿን መጀመሪያ ብቻዋን ትሞክረዋለች፤ አንዱን ጫፍ በጥርሷ ይዛ፣ ሌላውን በግራ እጇ ታዞረዋለች። እሰሪልኝ አትልም። ትንሽ እጠብቅና ከኋላዋ ቆሜ አስርላታለሁ።

«ጠበቀብሽ?»

«አይ፣ ደህና ነው።»

ካሰርሁላት በኋላም ወዲያው አትሄድም። ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ደረቴ ላይ ታሳርፋለች። እኔም እጄን ትከሻዋ ላይ ለማድረግ ፈራ እላለሁ፣ እንዳላሳምማት፤ እና ሳልነቃነቅ እቆምላታለሁ።