ፍየሉ ገመቹ ነበር

በእህቴ በኮከብ ወዬሳ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ የፍየሉ ወሬ ተነሣ። አንዱ፣ ክፍል ውስጥ እውነተኛ ፍየል አስገብታ ታስተምር ነበር አለ። ሌላው፣ ሁለት ናቸው አለ። ሥራዬ መዝገብ መጠበቅ ነውና ላስተካክል፦ ፍየል አልነበረም። የአራተኛ ክፍሉ ገመቹ ነበር፤ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል፣ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጦ ሁሉንም ይሰማል።

ነገሩ የተጀመረው በ1963 ዓ.ም. ኮልፌ ነው፤ 1964 የሚሉ ተሳስተዋል። ኮከብ ሰዋስው ስታስተምር ሰሌዳው ላይ «አልፊያ ፍየሉን ወሰደች» ብላ ጻፈችና፣ «ባለቤቱ ማን ነው?» ብላ ጠየቀች።

ገመቹ ተነሣ። «አላውቅም እትዬ፤ እኛ ተከራይ ነን።»

ሌላ አስተማሪ በኩርኩም ይመልስለት ነበር። ኮከብ ግን ሣቀች፤ በማግስቱም የቤታችንን የልብስ ማስጫ ገመድ ፈትታ ይዛ ሄደች፤ ልብሳችን አጥር ላይ ሲሰጣ ከረመ። ባለቤት ከተባለ ይጎትት፣ ተሳቢ ከተባለ ይሳብ፣ ግሡም ማሰሪያ አንቀጽ ከተባለ ይሰር አለች። የክፍሉ ልጅ አልፊያ ባለቤት ሆነች። ገመቹ ተሳቢ ሆኖ በአራት እግሩ እየሄደ «ሜኤኤ!» ይላል። ክፍል ውስጥ ድምፅዋ ተሰምቶ የማያውቀው ዙቤዳ መጨረሻ ላይ ቆማ፣ ግሡን ጠርታ በገመዱ ታስራለች። ‹ሰበረ› የተባለ ዕለት አንድ የመስኮት መስተዋት ተሰብሯል፤ ይህኛው እውነት ነው።

ጩኸቱ ዳይሬክተሩን አቶ ገብረአምላክን አስመጣ። «ይሄ ትምህርት ቤት ነው አዝማሪ ቤት?»

«ሰዋስው ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ሰኞ ኢንስፔክተሩ ይመጣሉ፤ ለሳቸው አሳዪ። ካልወደዱት ማስተማሩን ትተሽ መዝገብ ቤት ትገቢያለሽ።»

መዝገብ ቤት መግባት ያኔ ቅጣት ነበር። አስተያየት የለኝም።

ሰኞ ኢንስፔክተሩ ከአቶ ገብረአምላክ ጋር ከኋላ ተቀመጡ። አልፊያ «አልፊያ!» ብላ ወጣች። ገመቹ «ፍየሉን!» ብሎ ተንበረከከ። ዙቤዳ ገመዱን እንደያዘች ኢንስፔክተሩን አየችና ደርቃ ቀረች። ዐረፍተ ነገሩ ሳይታሰር አየር ላይ ተንጠለጠለ። ኮከብ ግሡን ልትነግራት ትችል ነበር፤ አልነገረቻትም።

ትዕግሥት ያለቀባቸው ኢንስፔክተሩ ናቸው። «እሺ፣ ፍየሉን ምን አደረገችው?»

ፍየሉ ቀና አለ። «በላችኝ!»

ክፍሉ በሣቅ አውካካ። ዙቤዳ ደሟ ፈላ። «ማን በላህ? ወሰደችህ!» ብላ ወገቡን ጠፍንጋ አሰረችው።

ኢንስፔክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሰሌዳው የሚለው ‹ወሰደች› ነው። ‹ህ› ከየት መጣች?»

አቶ ገብረአምላክ ኮከብን፣ አለቀልሽ በሚል ዓይን አዩዋት።

«ፍየሉ እኮ ተናገረ፣ ጌታዬ» አለች ዙቤዳ። «ሲናገር ‹እሱ› መሆኑ ቀረና ‹አንተ› ሆነ።»

ኢንስፔክተሩ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሣቁ። «ገመዱም ይቆይ፣ አስተማሪዋም ትቆይ» አሉ።

ቋጠሮው ግን አልፈታ አለ። በመጨረሻ የፈቱት አቶ ገብረአምላክ ናቸው፤ ተንበርክከው፣ በጥርሳቸው። ገመቹ ያን ጊዜ ጆሯቸው ሥር «ሜ» አላልኩም ይላል። ዙቤዳ ብሏል ትላለች። ማጣራት አልቻልኩም፤ እንዲህ ያለውን የምጠይቀው ኮከብን ነበር።