ቅጹ ላይ መርዶ የለም

ከመሐል ሜዳ የወጣሁት ሊነጋጋ ሲል፣ በመጀመሪያው አውቶቡስ ነው። ወንድሜ ታፈሰ አንድ የበግ ጠጉር ባና በገመድ አስሮ ጭኔ ላይ አኖረልኝና «ፈረንጅ አገር ይበርዳል አሉ» አለኝ። የመንዝን ሰው ብርድ ያስፈራዋል ወይ ብዬ ሳቅሁበት። ተሳስቻለሁ። የጣልያን ብርድ እርጥብ ነው፤ አጥንት ውስጥ ይገባል።

የምሠራው በአረጋውያን ማቆያ ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነው። የኮሮና ወረርሽኝ የገባው በዐቢይ ጾም ነበር። በየቀኑ የሚመጣልን አንሶላ በዛ፤ ለምን እንደበዛ ማንም አልነገረንም፣ እኛም አልጠየቅንም።

መገናኘት ሲከለከል፣ በዚህ ላለን የመንዝና የመርሐቤቴ ሰዎች ፖድካስት ጀመርሁ። ባናውን ተከናንቤ በስልኬ እቀዳለሁ፤ ከአገር ቤት የሚላክልኝን የድምፅ ሰላምታ እጨምርበታለሁ፤ እሑድ እሑድ ማለዳ እለቀዋለሁ።

አንድ እሑድ ከለቀቅሁት በኋላ መልሼ ሳዳምጠው፣ ከአገር ቤት፣ ከቀየት፣ ሰላምታ የላኩ አንድ ቄስ መጨረሻ ላይ «ከሁዳዴ በፊት ያረፉትን የአቶ ደምሴንም ነፍስ ይማር» ይላሉ። ሥራ ቦታ ስሰማው ማሽኑ ይጮህ ስለነበር አምልጦኛል። አቶ ደምሴ አብራኝ የምትሠራው የጽጌ አባት ናቸው። ማረፋቸውን አታውቅም። ፖድካስቱን የምትሰማው ደግሞ ወደ ሥራ ስትሄድ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ብቻዋን ነው።

ወዲያው አጠፋሁት። ግን ስልኳ አስቀድሞ አውርዶት ከሆነስ? ብደውልላት ደግሞ ያው መርዶ በስልክ ሊሆን ነው። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ ወጣሁ።

ድልድዩ ላይ ፖሊስ አቆመኝ። ያኔ ከቤት ለመውጣት አውቶቼርቲፊካጾኔ የሚሉትን ቅጽ መሙላት ግድ ነበር።

«ወዴት ነው፣ ሲኞራ?»

«ሰው ሞቷል። ለልጁ ልነግራት ነው።»

«የት ነው የሞተው?»

«ኢትዮጵያ።»

ቅጹን አገላበጠው። «ሥራ አለ፣ መድኃኒት ቤት አለ፣ አስቤዛ አለ። ይኼ የለም። ይደውሉላት።»

«በስልክ አይነገርም።»

«ለምን?»

«ስትወድቅ ማን ይይዛታል?»

ቅጹን አጠፈው። «ውሻ አለዎት?»

«የለኝም።»

«ውሻ ለማናፈስ መውጣት ይፈቀዳል፤ ቢኖርዎት አሳልፍዎት ነበር» አለና ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ። አለፍሁ።

ጽጌ ከሕንጻው እየወጣች ደረስሁ። ማዳመጫው ገና አንገቷ ላይ ነው።

«እትዬ አስካለ፣ በዚህ ማለዳ ምን ያዞርዎታል?» ብላ ጀመረችና ነጠላዬን አየች። «አባባ ናቸው?»

«ናቸው። ጠንክሪ፣ ልጄ።»

አገር ቤት ቢሆን ግራና ቀኝ የሚይዛት ሰው ነበር። እኛ ግን ከማቆያ ቤቱ ምን ይዘን እንደምንወጣ አናውቅም። ሁለት ሜትር ርቄ ቆምሁ፤ እሷ ደረጃው ላይ ወደቀች።

«መቼ ነው?» አለችኝ ኋላ።

«ከሁዳዴ በፊት።»

«በደወልሁ ቁጥር ቤተ ክርስቲያን ናቸው ይሉኝ ነበር እኮ።»

ቤቴ ተመልሼ ለታፈሰ ደወልሁ። ሁሉም ደኅና ነው አለኝ፤ በጎቹም ሳይቀሩ። ታላቅ እኅታችንን አገናኘኝ አልሁት።

«እሷማ ገበያ ወጥታለች፣ እታለም።»

በእኛ አገር እሑድ የሚወጣበት ገበያ አላውቅም።

«እሺ» አልሁት። «ስትመለስ እደውላለሁ።»