ነፋሱ ሲዞር ዝም አልኩ

ያን ቀን አፌን ብከፍት ኖሮ ፓይለቱ ይሰማኝ ነበር? ዛሬም መልሱን አላውቀውም።

መንግሥት በተለወጠ በሦስተኛው ዓመት፣ በጥር ነው። ትምህርት ዘግይቼ ስለ ጀመርኩ በሃያ ሁለት ዓመቴ ገና ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ታላቅ እህቴ ዘነበች ምጥ ከያዛት ሁለት ቀን አልፏት ነበር። ያኔ በከተማችን በራቤል መኪና እንደ ልብ አይገኝም። በዚያ ጠዋት አንዲት ትንሽ አውሮፕላን መድኃኒት ይዛ ከከተማው በላይ ባለው መስክ አረፈች፤ ስትመለስ እህቴን ልትወስድ ሆነ።

አውሮፕላኗ ሁለት ጎማ ከፊት፣ አንዲት ትንሽ ጎማ ደግሞ ከጭራዋ ሥር ነበራት። ፓይለቱ ከእህቴ ቃሬዛ አጠገብ ቆሞ ለጤና ረዳቱ ሲነግረው ሰማሁ።

«ይቺ ስትነሳ ነፋስ ከፊቷ ነው የምትፈልገው። ከኋላ ወይ ከጎን ከመታት ጭራዋ ይዞራል፤ አትታዘዝም።»

በእኛ አገር በጥር ጠዋት ከገደሉ በኩል የሚነፍሰው ነፋስ ቀትር ላይ ይዞራል። አውድማ ላይ መንሽ ጨብጦ እህል ያዘራ ሁሉ ያውቀዋል።

እህቴን አስገብተው በሩን ሲዘጉ ቀትር ሆኗል። ለአስታማሚ ቦታ አልነበረም። አንዱ ጎረቤት ባሏን ጌታነህን «ምን ትገተራለህ፣ ጭራዋ ላይ ተፈናጠጥ እንጂ» አለው። ሰው ሳቀ።

«እሷ ትድረስልኝ እንጂ እኔስ በእግሬም እደርሳለሁ» አለ ጌታነህ።

ይሄኔ ከመስኩ ጎን ካለው አውድማ የሚነሳው እብቅ ወደ ሌላው ወገን መሄድ ጀመረ። ሰው ሁሉ አውሮፕላኗን ያያል፤ እኔ እብቁን አየሁ። የፓይለቱ መስኮት ገና አልተዘጋም። አሥር እርምጃ ብራመድ እደርስበታለሁ። ስድስተኛ ክፍል የሆነች ሴት ለፓይለት ስለ ነፋስ ምን ትነግረዋለች ብዬ ቆምኩ።

አውሮፕላኗ ነፋሱ ጠዋት ይመጣበት ወደ ነበረው አቅጣጫ ተፈተለከች፤ አሁን ግን ነፋሱ ከኋላዋ ነው። ጭራዋ ከመሬት እንደ ለቀቀ ተጠመዘዘች። አንድ ክንፏ መሬቱን ፈልጦ ተሰበረ፤ አፍንጫዋ ወደ ሰዉ ዞረ። ሰው እየተረጋገጠ ሸሸ። ጌታነህ ግን ሚስቱ ውስጥ ናትና ወደ እሷ ሮጠ። ከፊቷ የሚሽከረከረው ብረት ደረቱ ላይ አገኘው። ከዚያ አውሮፕላኗ በመስኩ ዳር ያለውን የድንጋይ ካብ መታች፤ ድንጋዩ ሰው ላይ እንደ ጥይት ተበተነ። ጌታነህ እዚያው ሞተ፤ ያለበስኩት ነጠላ ወዲያው በደም ራሰ።

ፓይለቱ ትከሻው ተሰብሮ ተረፈ። እህቴን ከስብርባሪው አውጥተን በቃሬዛ ስንወስዳት መንገድ ላይ ወለደች፤ ሕፃኑ ግን አልኖረም። ሰው እስከ ዛሬ ሞተሩ ተበላሽቶ ነው ይላል። ሞተሩ ደህና ነበር።

እኔ ተምሬ አስተማሪ ሆንኩ። ስለ አውሮፕላን ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፤ ስለ እኔ ዝምታ የሚነግረኝ ግን አላገኘሁም።

ከአደጋው በአሥራ አራተኛው ዓመት፣ ዘነበች በረንዳው ላይ የበግ ጠጉር ስትፈትል አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እታለም፣ ያን ቀን ነፋሱ ሲዞር አይቼ ነበር። ዝም አልኩ።»

እንዝርቷን አላቆመችም።

«ፓይለቱ ያለውን እኔም ሰምቻለሁ» አለችኝ። «እብቁንም በመስኮት አይቼዋለሁ። ብናገር አውርደውኝ ይሄዳሉ ብዬ ፈራሁ።»